ቫልቩን በዳዊት መክፈት

ችኩል ነኝ። እናቴ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እኔ ግን ሁሌም ለቃሚ ነኝ። ዩኒቨርሲቲያችን፣ ፔዳ ግቢ ቤተ ሙከራ ውስጥም ይኸው ችኮላዬ ሊያዋርደኝ ነበር።

የመመረቂያ ሥራዬ አፈር ውስጥ በሚበሰብስ ፕላስቲክ ላይ ነው። የፕላስቲኩን ፍሬዎች በስኒ ቅርጽ ማውጫ ሞልቼ ወፍራም የብረት ጋን ውስጥ እከትና፣ ለስላሳ መጠጥ ላይ አረፋ የሚያነሳውን ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በከፍተኛ ግፊት እለቅበታለሁ። ጋዙ ሰርጎ ያለሰልሰዋል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ፕላስቲኩ እንደ ዳቦ ይነፋል። ለቆጋ መስኖ ገበሬዎች ከነችግኙ የሚቀበር ስኒ ላወጣበት ነው ሐሳቤ። ጋዙ ቀስ ተብሎ ካልተለቀቀ ግን ስኒው ይሰነጠቃል። አራት ጊዜ ሰነጠቅሁት። የቀረኝ አንድ እፍኝ ፍሬ ብቻ ነበር፤ እሱ ከተበላሸ ዘንድሮ ምረቃ የለም።

ቴክኒሻናችን ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት ቦይለር ሲጠብቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ሰዓት እያየሽ ነው የምትቸኩይ» አሉኝ። «የቄስ ልጅ አይደለሽ? ቫልቩን ትንሽ ዞር አድርጊ፣ አንድ መዝሙር ከዳዊት በይ፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ።»

ጀመርሁ። አባቴ ያስጠናኝን ዳዊት በፈጣኑ ቁም ንባብ አንበለበልሁት። ጋዙ በአንዴ ሲወጣ ይቀዘቅዛልና ቫልቩ በረዶ ለበሰ። ሽማግሌው ዘለው ዘጉት።

«ኧረ በስመ አብ! ማን ያባርርሻል? በዝግተኛው፣ በግእዝ ንባብ በይው እንጂ!»

ንባብ እንደሚጀምር ሕፃን እያንዳንዷን ቃል ጎተትሁ። ሳቄም መጣ። የግፊት መለኪያው መርፌ ወደ ዜሮ ሲቃረብ እሳቸው ራሳቸው አላስቻላቸውም፤ እጃቸውን ወደ ክዳኑ ሰደዱ።

«ጋሼ! አንድ መዝሙር ይቀራል!» ብዬ እጃቸውን መታሁ። ደንግጠው ሳቁ፤ የቀረውን አብረን አልነው።

ክዳኑ ሲነሳ ስኒዋ ነጭ ናት፣ ሙሉ ናት፣ አንድ ስንጥቅ የላትም! እልልታዬን አቀለጥሁት። የሽማግሌው ዓይን ግን እንባ አቅርሯል።

«ምነው ጋሼ?»

«ዕድሜ ልኬን ግፊት ስጠብቅ ኖርሁ፤ ካልፈነዳ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። እልል ሲባልልኝ ዛሬ ገና ነው።»

መስኮቱን በረገድሁና፣ ጣና ዳር ያለ ሰው ሁሉ ይስማ ብዬ፣ ለእሳቸው ብቻ ደግሜ እልል አልሁ።