ጣሪያ የሌለው በረት

ልጄ ዛሬ ከገበያ በካርቶን አሥር ጫጩት ገዝታ መጣች። ጩኸታቸው አላስቀምጥ አለኝ። ሄጄ አያቸዋለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ።

ከብቶቻችን በድርቅ አልቀው ከሊበን ገጠር ነገሌ ከተማ የገባን ዓመት እናቴም ጫጩት ገዝታ ነበር። እንቁላል እየሸጠች ትምህርት ቤት ልታስገባኝ ነበር ሐሳቧ። አባቴ «ወፍ ጠባቂ ልታደርጊኝ ነው?» ብሎ ሦስት ቀን አኮረፋት። በአራተኛው ቀን ማንም ሳይለምነው እሾህ ቆርጦ መጣ። እጁ እስኪደማ ድረስ፣ ለጥጃ እንደሚሠራው አድርጎ ክብ በረት አጠረላቸው።

ጎረቤታችን ሐሊማ አይታ ሳቀች። «አባ ገልገሎ፣ ጣሪያውን ረሱት እኮ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጅብ ከሰማይ ይወርዳል እንዴ?» አላት።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ጭልፊት ወረደ። አንዱን ይዞ ሄደ፣ ተመልሶም መጣ። ጫጩቶቹ እንዳይሸሹ እሾሁ ዘጋቸው። እናቴ ሻሿን እያወዛወዘች ብትጮህም በሁለት ቀን አንድም አልተረፈ። አባቴ ዱላውን እንደያዘ ቆሞ «እኔ የማውቀው ጅብ ነው» አለ። ስለ ጭልፊቱ ብቻ የተናገረ መስሎኝ ነበር። ከተማውንም ማለቱ እንደሆነ የገባኝ እኔም ልጅ ካሳደግሁ በኋላ ነው።

ትምህርት ቤት ሳልገባ ቀረሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ከዚህችው ልጄ ጋር በአንድ ደብተር ነው።

አሁን ካርቶኑን አንስታ «አባ፣ ደጅ ላውጣቸውና ፀሐይ ይሙቁ» ስትለኝ ጮህኩባት።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

ምንም አላጠፋችም።