የአያቴ ሙያ በአራት ፊደል

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ያረጀ የወፍጮ ዘንግ በማዳበሪያ ጠቅልለው ከቁይ ከተማ መጥተው በራችን ላይ ሲቆሙ ነው።

"የቀጥቃጩ ቤት ይኼ ነው?" አሉ።

ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ያሉት ሠራተኞች ቀና አሉ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አባቴ በዚያ ሰሞን የብረታ ብረት ፋብሪካችንን ታሪክ እንድጽፍ አዞኝ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ መግቢያ ላይ ባለው አዲሱ በራችን ሰሌዳ ላይ የሚሰፍር አንድ አንቀጽ። "ዩኒቨርሲቲ የጨረስሽው አንቺ ነሽ" ብሎ። አምስት ጊዜ ጻፍኩ፤ አምስት ጊዜ መለሰልኝ። አያቴ ማረሻና ማጭድ ይሠራ እንደነበር፣ የከተማው ወፍጮ ዘንግ ተሰብሮ መለዋወጫ ሲጠፋ ብረት በፍም አግሎ ሌላ እንደሠራ፣ ፋብሪካው ከዚያች ዘንግ እንደተነሣ ጽፌያለሁ። አባቴ ያን ሁሉ አልፎ ሽማግሌው የጠሯትን ያችኑ አንዲት ቃል ሰረዘ። "መካኒክ በይው።" አያቴ ግን ሞተር ነክቶ አያውቅም።

ምክንያቱ አልጠፋኝም። ትንሽ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ሲደርስ ልጆቹ "የቀጥቃጭ ዘር ቡዳ ናት፣ ትበላናለች" እያሉ ምሳ ዕቃቸውን ይከልሉብኝ ነበር። ቃሏን ከዚያ ወዲህ ከአፌ አውጥቻት አላውቅም።

"ተሳስተዋል አባባ፤ ይኼ ፋብሪካ ነው" አላቸው አባቴ።

ሽማግሌው ማዳበሪያውን ፈትተው የዘንጉን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ጠረጉ። አያቴ በሠራው ዕቃ ሁሉ ላይ የሚመታቸው ሦስት ነጥቦች ታዩ።

"ይህችንስ ማን መታት? ፋብሪካው?" ብለው ሳቁ። "አባትህን አምና ቀበርነው። አንድ ሞት አይበቃውም?"

አባቴ ዘንጉን ተቀበላቸውና የተበላውን በብየዳ ሞልቶ፣ ለሠራተኛ ሳይሰጥ ራሱ ሲቀርጸው ዋለ። ወደ ቤት ስንሄድ "ጽሑፉን እንደፈለግሽ አድርጊው" አለኝ። ደክሞት ነው እንጂ ፈቅዶ አይመስልም ነበር። እኔም ደክሞኝ ስለነበር አልጠየቅኩትም።

በማግሥቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ሰሌዳ ጸሐፊው ዘንድ ሄድኩ። ቃሏን አሳንሼ ጽፌያት ኖሮ፣ "ይህች ምን ትላለች? አትነበብም እኮ እህቴ" አለኝ። መንገዱ በሰው ሞልቷል። ቀ፣ ጥ፣ ቃ፣ ጭ ብዬ፣ በደንብ እስኪሰማኝ ድረስ ፊደል በፊደል ነገርኩት።