ባለካባውና ባለመስተዋቱ

ባለፈው እሑድ እንጅባራ ቤቴ ውስጥ ጦርነት ተነሣ። የልጅ ልጆቼ ሄኖክና ማስተዋል ሊጠይቁን መጥተው ድንች ተቀቅሎ ቀርቦላቸው ነበር። ስልካቸውን ሲያሞጋግሱ ድንቹ ቀዘቀዘ። እሱ አይፎን ይዟል፤ እሷ አንድሮይድ።

«ያንቺን እኮ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ይዞታል» ይላታል።

«ላንተ ቻርጀር ለመዋስ ደግሞ ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ነው» ትለዋለች።

ሲደክማቸው ወደ እኔ ዞሩ። «አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱን!»

መጠየቃቸው ትክክል ነው። በዚህ አገር ስለ ዕቃ የሚፈርድ ከተፈለገ ከእኔ ሌላ ወዴት ይኬዳል? አስተማሪ ፊት ቁጭ ብዬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ነው። ሬዲዮ መፍታትም በራሴ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያዬን ፈትቼ ስገጥም አንድ ብሎን ተረፈኝ፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ አብልጦ ዘፈነ። ብሎኑ ትርፍ መሆኑን የሠሩት ሰዎች እንኳ አላወቁም ነበር።

ጠባቸው ለእኔ አዲስ አልሆነብኝም። በወጣትነቴ ከቆሰበር እስከ ግምጃ ቤት ያለውን ሰው ለሁለት የከፈለው ሬዲዮ ነበር። አንደኛው ዓይነት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የቆዳ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ባለካባው አልነው። ሁለተኛው ፊቱ ያብረቀርቃል፤ ባለመስተዋቱ ተባለ። ሁለቱንም የሚሸጡት የዳንግላው ነጋዴ ሐጂ ኑሩ ነበሩ። ባለካባውን ለሚገዛው ጠጋ ብለው «ይሄ የአዋቂ ዕቃ ነው» ይሉታል። እሱ ሲወጣ፣ ባለመስተዋቱን ለሚገዛውም ያንኑ ይሉታል። ለእኔ የነገሩኝ ግን እውነት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

ባለካባዬን ገዝቼ የተመለስኩት በሰኔ ነው። እስከ ቆሰበር በጭነት መኪና ላይ፣ ከዚያ በእግሬ። የእኛን አገር የሰኔ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከላይ ይወርዳል፣ ከጎን ይመጣል፣ ከሥር ደግሞ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከሣር የተጎነጎነ የዝናብ ልብስ፣ ጌሳ፣ ለብሼ ነበር። አወለቅሁና ሬዲዮውን አለበስኩት። እኔ እንደ አይጥ በሰበስኩ፤ እሱ ደረቅ ሆኖ፣ እየዘፈነ ቤት ገባ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ተቀበለን። እሱን ማለቴ ነው።

ከወንዙ ማዶ ባለመስተዋቱን የያዙት ጋሽ እንግዳው ነበሩ። ገበያ ሲወርዱ ሬዲዮውን ከኮርቻው ላይ አስረው እያስዘፈኑ ነው። ፈረሳቸው ያለ ዘፈን አልራመድም እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ማዶ ያለው ሁሉ የባለመስተዋቱ ወገን ሆነ፣ ወዲህ ያለው የባለካባው። እኔን የቸገረኝ ግን ጋሽ እንግዳው ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ ስላላቸው ነው። ገበያ ላይ ሰናፍጭ ትሸጥ ነበር። ሰናፍጭ አልወድም፤ በዚያ ክረምት ግን ቤታችን ሰናፍጭ በሰናፍጭ ሆነ።

አባቴ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ እንግዳው አዳምጠው ሲያበቁ «ልጁ ሠራተኛ ነው፤ ዘሩም የታወቀ ነው» አሉ። «ግን ልጄን ባለካባ ወዳለበት ቤት? እንግዳው ይሙት፣ አልሰጥም!»

ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክመው ለመኑ። በመጨረሻ እንዲህ ተቆረጠ፦ በኅዳር ጋሽ እንግዳው የገብስ አጨዳ ደቦ አላቸው። ሁለቱም ሬዲዮዎች ማሳው ዳር ተሰቅለው ይዋሉ። ደቦው ሳይበተን የእሳቸው ዝም ካለ ልጅቷን ልወስድ፤ የእኔ ዝም ካለ ዳግመኛ ሽማግሌ ላልልክ።

የሬዲዮ ባትሪን እኛ ድንጋይ ነው የምንለው። ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ጋሽ እንግዳው ድንጋያቸውን ከበርበሬው ጋር በሰፌድ ሲያሰጡ ሰነበቱ። እኔ አዲስ ድንጋይ ከትቼ ሬዲዮዬን ጾም አስገባሁት፤ እስከ ደቦው ቀን አልከፈትኩትም።

ቀኑ ደረሰ። ውርጩ ገብሱ ላይ ረግቶ፣ ማጭዱ እጅ ላይ እንደ በረዶ ይይዛል። አጫጁ በሁለት ረድፍ ተከፈለ፤ አንዱ ከባለካባው ሥር፣ ሌላው ከባለመስተዋቱ ሥር። ሁለቱም ሲከፈቱ አንድ ዓይነት ዘፈን ለቀቁ። ጣቢያው አንድ ነዋ! ይህን ግን ከእኔ በቀር ማን ልብ ይበል?

«የእኛው ዘፋኝ ድምፁ ያምራል!» አሉ ማዶዎች።

«የእናንተው ጉንፋን ይዞታል!» አሉ የእኛዎቹ።

ከአዊኛ በቀር የማያውቁ፣ አንዲት የአማርኛ ቃል የማይሰሙ አንድ ሽማግሌ ደግሞ የባለመስተዋቱ ዜና የበለጠ እውነት ነው ብለው ማሉ።

እኩለ ቀን ላይ ጥሩወርቅ ድንችና ጠላ ይዛ መጣች። የእኔን ስትሰጠኝ ጎንበስ ብላ «ልታሸንፍ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ጥርጥር አለሽ?»

«እንግዲያው እኔን አጣኸኝ። አባዬ ደቦ ፊት ከተዋረደ፣ ለቃሉ ሲል ይሰጥሃል፤ ምርቃቱን ግን አይሰጠንም። እኔ ያለ አባቴ ምርቃት ከቤት አልወጣም።»

«ልሸነፍለት ታዲያ?»

«ከተሸነፍክማ ጭራሹን ቀረ። ብልህ ነኝ ትል የለ? በል፣ ብልሃትህን አምጣት» ብላኝ ሄደች።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባለመስተዋቱ ይታነቅ ጀመር። ጋሽ እንግዳው በመዳፋቸው መቱት። አንዱን ድንጋይ አውጥተው በጥርሳቸው ነከስ ነከስ አድርገው መለሱት። አንዴ ጮኸና መልሶ ሰለለ። የእኛ ረድፍ ማጭዱን ጥሎ ያሽካካ ጀመር፦ «ማዶዎች፣ ቄስ ጥሩለት! ሳይናዘዝ እንዳይሞት!» የጋሽ እንግዳው ፊት ጠቆረ። ጥሩወርቅ ማሳው ዳር ቆማ እኔን ብቻ ታያለች።

ባለካባዬን ከተሰቀለበት አውርጄ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ጋሽ እንግዳው፣ አንድ በሬው የሞተበት ገበሬ ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል፣ አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል እንጂ» አሉ በቁጣ።

«ነውር ነው?»

«ምን ነውር አለው! ይህ አገር ታርሶ የኖረው በመቀናጆ አይደለም እንዴ?»

«እንግዲያው ድንጋያችንን እናቀናጅ። ከእኔ ሁለት ይውሰዱ፣ ከእርስዎ ሁለት ይስጡኝ።»

ሬዲዮውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ የባለመስተዋቱን የኋላ ክዳን በማጭዳቸው ጫፍ ከፈቱ።

ተቀናጁ። ሁለቱም መዝፈን ጀመሩ፤ ግን በለሆሳስ፣ እንደ ታማሚ። ከሩቅ አይሰሙም። አንድ የገብስ ክምር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ሰዉ ለመስማት ሲል እየተጠጋ፣ እየተጠጋ፣ ሁለቱ ረድፎች አንድ ሆነው አረፉ። አጨዳው እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም። ደቦው ሲበተን ሁለቱም ገና ያልጎመጉሙ ነበር።

ጋሽ እንግዳው ሽማግሌዎቹን ጠሩ። «የእኔም ዝም አላለም፣ የእሱም ዝም አላለም። ተቀናጅቶ የዋለ ሰው ደግሞ ዘመድ ነው» አሉ። ቀጥለው በደቦው ሁሉ ፊት መረቁን። ጥር ላይ ተደገሰ።

ይህን ሁሉ ለሄኖክና ለማስተዋል ነገርኳቸው። ማስተዋል ግን ፍርዷን አልረሳችም፦ «ታዲያ አባባ፣ የማንኛችሁ ይበልጥ ነበር?»

አፌን ሳልከፍት፣ ጥሩወርቅ ከጓዳ «የአባቴ ነበር እንጂ! ድምፁ እንደ ማር!» አለች።

ጣቢያው አንድ፣ ዘፋኙ አንድ፣ ድንጋዩ እንኳ የውሰት መሆኑን ለዚህች ሴት ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ሳስረዳት ኖሬአለሁ። እያንዳንዱን ማስረጃዬን በትዕግሥት ትሰማለች፤ ሳበቃ «ቢሆንም» ትለኛለች። ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያ ድምፅ ለእሷ አባቷ ከገበያ ሲመለሱ ገና ከወንዙ ማዶ የሚሰማት ድምፅ ነው። ይህን የትኛውም ማስረጃ አያሸንፈውም፤ እንዲያሸንፈውም አልፈልግም።

ለልጆቹም በየስልካችሁ ኑሩ፣ ድንቹን ብሉ ብዬ ፈረድኩ። ባለካባው ግን ይበልጥ ነበር።