ሱባኤዬን ያቋረጥሁበት ክረምት

ዛሬ ጠዋት ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጥቼ በጣና ዳር ስሄድ፣ ወደ ዘጌ የምትሻገረው ጀልባ ሰው ስትጭን አየሁ። ፍልሰታ ነገ ይገባል። ሴቶቹ ነጠላቸውን በላስቲክ ሸፍነው፣ ምንጣፍና በሶ ተሸክመው በካፊያው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዲት እኩያዬ የምትሆን ልጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ምን ልትለምን እንደምትሄድ አላውቅም፤ ግን ልቤ አብሯት ሄደ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልገባ ስል፣ እኔም በዚያች ጀልባ ተሻግሬ ነበር። ያን ጊዜ እንቅልፍ ከራቀኝ ወራት አልፈዋል። መጽሐፍ ስገልጥ ፊደሉ ይደባለቅብኛል፤ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ሐኪሙ «ድባቴ ነው። ይታከማል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል» ብሎ በየቀኑ የምውጠው ኪኒን አዘዘልኝ። እናቴ ከምትሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ እየጠየቀች ታመላልሰኝ ነበር። እኔ ግን አፈርሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ እንዴት በሐሳብ ትታመማለች? እምነቴ ቢጎድል ነው አልሁ። አሥራ ስድስቱን ቀን በሱባኤ ላሳልፍ ተሳልሁ፤ ኪኒኑንም ለማንም ሳልናገር ተውሁት። ጸበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም ሲባል ሰምቼ ነበር።

ዘጌ በነሐሴ ሁሉ ነገሯ እርጥብ ነው። መንገዱ ያዳልጣል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ዛፎቹ ሲንጠባጠቡ ይውላሉ። የጸበሉ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ከቅዳሴ በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ በተነከረ ሽምብራና በበሶ ጾማችንን እንፈታለን። ሌሎቹ አርባ አንድ ሲሰግዱ እኔ መቶ እሰግዳለሁ። ቶሎ ለመዳን ቸኩዬ ነበር። በስምንተኛው ቀን ራሴ ይዞር ጀመር። እግዚአብሔርም አልፈለገኝም ብዬ አጥሩ ሥር ተቀምጬ ሳለቅስ፣ በጎጇቸው ያስጠጉኝ እማሆይ መጡ።

«ዛሬ ስንት ሰገድሽ?» አሉኝ።

«መቶ ሃያ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«ክፉ አዛዥ ይዘሻል፣ ልጄ» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። «ጓደኛሽ ታማ ብትመጣ እንዲህ ታደርጊያት ነበር?»

ስለ ኪኒኑ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈተው የኪኒን እሽግ አወጡ።

«የደም ግፊቴ ነው። ጠዋት እጠመቃለሁ፤ እህል ስቀምስ ይኼን እውጣለሁ። እስከ ዛሬ ጸበሉ ሲያኮርፈኝ አላየሁም።»

እያለቀስሁ ሳቅሁ። «ስእለቴስ፣ እማሆይ? ገና ስምንት ቀን ይቀረኛል።»

«እሱን ቄሱን ጠይቄ እመጣለሁ። አንቺ በሶሽን ብዪ።»

«ገና ስድስት ሰዓት ነው እኮ።»

«ብዪ አልሁሽ።»

ሲመለሱ «የታመመ ሰው በስእለት አይታሰርም፤ ወደ ሐኪሟ ትሂድ ብለዋል። ነገ ጀልባ አለ» አሉኝ።

በማግስቱ ጀልባዋ ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥሁ። የተሸነፍሁ መስሎኝ ነበር። እማሆይ በስልክ ነግረዋት ኖሮ፣ እናቴ ዳር ላይ ጃንጥላ ይዛ ትጠብቀኛለች። ስለ ኪኒኑ አንዲት ቃል አላነሣችም። «በርዶሻል» ብላ ነጠላዋን ደረበችልኝ። ከዚያው ወደ ሐኪሙ ሄድን፤ ሕክምናውንም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን።

በአንድ ቀን አልዳንሁም። ከወራት በኋላ ነው እንቅልፌ የተመለሰው፤ አሁንም አንዳንዴ ይጠፋል። ዛሬ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ጸሎቴንም መድኃኒቴንም ይዣለሁ። ትዕግሥት ሌላውን መታገሥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ግን ራሴን መታገሥ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ያን ዕለት አልሰገድሁም፤ ክፍልም አልገባሁም። ትንሽ እህል ቀመስሁ፤ «አቤቱ፣ ዛሬ የቻልሁት ይህን ያህል ነው» አልሁና ተመልሼ ተኛሁ። ማንም አልተቆጣኝም። እኔም ራሴን አልተቆጣሁም።