በጋሽ ሙሄ ስም የሞተ ንብ አይሰቀልም

በደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ትንሽ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ ትንንሽ ነፍሳትን በቅርበት ማንሳት ያስተማሩን ጋሽ ሙሄ ባለፈው ጁምዓ ወደ አኼራ ሄደዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄም ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምሠራ ሴት ነኝ። በዕረፍት ቀኔ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ነፍሳቱም ከብርዱ ሳይነቁ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ይወስዱን ነበር። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሌንስ ስላልነበረን ተራውን ሌንስ ገልብጠው ካሜራው ላይ ይገጥሙልናል። ጋቢያቸውን ለእኔ አንጥፈው እሳቸው ጭቃው ላይ በደረታቸው ይተኛሉ። እኔ ሌንሱን ሳሽከረክር «ተይው እሱን! ራስሽ በስሱ ወደፊት ወደኋላ በይ፤ ዓይኗ ሲጠራልሽ ያኔ ተጫኚ» ይሉኛል። ንቧ በርራ ስታመልጠኝ ደግሞ «አብሽሪ፣ እሷም ሥራ አላት» ብለው ያስቁኛል።

አንድ ነገር ግን አይታገሡም ነበር። አንዳንዱ ፎቶ አንሺ ነፍሳቱን ገድሎ፣ አበባ ላይ በሙጫ አጣብቆ ያነሳል። «የሞተን በሕይወት ያለ አስመስሎ ማሳየት ውሸት ነው። ወላሂ፣ ባዶ እጄን ብመለስ ይሻለኛል» ይሉ ነበር። ብዙ ቀንም ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ታዲያ በሰደቃቸው ዕለት ምን አየሁ? እሳቸው ዘንድ አብሮኝ የተማረው ከድር የፎቶ ቤታቸው በር ላይ ትልቅ የንብ ፎቶ ሰቅሏል። ከሥሩ «ለመምህራችን ለጋሽ ሙሄ መታሰቢያ» ይላል። ቀረብ ብዬ ሳየው ከንቧ እግር ሥር ሙጫው ያብለጨልጫል። ደሜ ፈላ።

«ይሄ ምንድን ነው ከድር?»

«ጊዜ አጣሁ እኮ! ለሳቸው ክብር ብዬ ነው። ደሞ ማን ያውቃል?»

«እሳቸው ያውቁ ነበራ!»

ሰው ሁሉ እያየኝ ቀድጄ አወረድኩት። ሽማግሌዎቹ «ለቅሶ ላይ አይጮህም» ብለው ገሠጹኝ። እውነታቸውን ነው፣ አይጮህም። አይዋሽምም።

ጋሽ ሙሄ፣ ከድርን ይቅር እንድለው እንደሚሹ አውቃለሁ፤ እርስዎ ቂም አያውቁም ነበር። ያዘዙኝን ሁሉ ስፈጽም ኖሬያለሁ፤ ይህን ግን ዛሬ አልችልም። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅዎ። እኔ ገና እንደተቆጣሁ ነኝ።