የጾም ሴል

ቡሬ ባዮሎጂ ሳስተምር የቤተ ሙከራውን ቁልፍ መለመን ሰለቸኝና፣ ተማሪዎቼን የሴል ሞዴል ከምግብ ሠርታችሁ ኑ አልኳቸው። ጊዜው ሁዳዴ ነበር።

የዕፅዋት ሴል የደረሰው ቡድን ትሪ ላይ የተፈጨ ድንች አነጠፈ። ቀይ ሥሩ ኒውክለስ፣ ባቄላው ጉልበት የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ፣ ቃሪያው ከፀሐይ ምግብ የሚያበስለው ክሎሮፕላስት፣ ትልቁ ቲማቲም ውሃ የሚይዘው ቫኪዮል ሆነ። ዙሪያውን በዳቦ አጠሩት፤ የሴል ግድግዳ መሆኑ ነው። የእንስሳውም ሴል ያው ድንች፣ ቀይ ሥርና ባቄላ ነበር፤ በዕፅዋቱ ለማይገኘው ሴንትሪዮል ብቻ ሁለት መኮረኒ ጨመሩበት።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ስለነበር የጾመውም የሚበላበት ሰዓት ደርሷል። አርሜ ስጨርስ “በሉ ብሉት” አልኳቸው። የዕፅዋቱ ትሪ ወዲያው ተጠረገ። የእንስሳውን ግን የነካው የለም።

“ቲቸር፣ ጾም እኮ ነው” አለኝ ዲያቆኑ ተማሪዬ።

“ድንች እኮ ነው!” ብዬ ጮኽኩ።

“እርስዎ ራስዎ የእንስሳ ነው አላሉንም?”

ንዴቴ ሳይበርድ አንዲት ተማሪ ተነሥታ መኮረኒዎቹን አወጣች። ከሞዴሉ ሥራ የተረፈውን ዳቦ ዙሪያውን ደረደረች፤ የተረፈውንም ቃሪያ በተነችበት።

“ቫኪዮሉስ?” ብሎ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። አንዱ ከምሳ ዕቃው ቲማቲም አውጥቶ ሰጣት።

“አሁንስ?” አለችው ዲያቆኑን።

ትሪውን ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን መረመረ። ከዚያ አማተበና የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሰ።

ለፈተና ያዘጋጀሁት ጥያቄ የሁለቱን ሴሎች ልዩነት የሚጠይቅ ነበር። መልሱን አብሬያቸው በላሁት።