መስኮት በጽሑፍ የምታዝዘው ጸሐፊ

ጸሐፊዋን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «እትዬ» ይላታል። ሠላሳ ዓመት ጽፋለች፤ ጣቶቿ ፊደል ላይ ሲያርፉ ዓይን አያስፈልጋቸውም። ጠላቷ ማውስ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት የመስኮቱ መዝጊያ ላይ አደረስኩ ስትል ወዲያ ትሸሽባታለች። አንድ የኮምፒውተር መስኮት ዘግታ ሌላ እስክታመጣ አሳሯን ታያለች። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም። ኃላፊው ካወቀ ጡረታ ይለኛል ብላ ፈርታለች፤ ቤት መዋል ደግሞ ለእሷ ሞት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የነቃባት የኮምፒውተር ጠጋኙ ብቻ ነው። «እትዬ፣ ማውሱን ለምን አይተዉትም?» አለና አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጫነላት። ፕሮግራሟ በምትከፍተው ጥቁር ሰሌዳ ላይ «አምጣ» ብላ ጽፋ ከመስኮቱ ርዕስ አንድ ቃል ስትጨምር መስኮቱ ከፊት ድቅን ይላል፤ «ዝጋ» ስትል ይዘጋል።

«እንዲህ ያለ ታዛዥ ባል አጥቼ እኮ ነው ሳላገባ የቀረሁት!»

ጠጋኙ ሳቀ። «መታዘዙንስ ይታዘዛል፣ ግን አያስብም። ርዕሳቸው የሚመሳሰል ሁለት ካገኘ ቀድሞ የተከፈተውን ነው የሚያመጣው።»

ሰምታለች፤ ምን ዋጋ አለው! በዚያ መሥሪያ ቤት «በቃ፣ አለቀ» የተባለ ጽሑፍ ሁሉ «የመጨረሻ» ተብሎ ነው የሚቀመጠው። ሪፖርቱ የመጨረሻ፣ ቃለ ጉባኤው የመጨረሻ፣ የጽዳት ተራው ሳይቀር የመጨረሻ። ልማድ ነው፣ ማን ይጠይቃል?

የወሩ ስብሰባ ደረሰ። ባለፈው ስብሰባ ከማውሱ ጋር ስትታገል ኃላፊው ሰዓቱን እያየ «እንዲህ ከዘገየን ሌላ ሰው እንመድባለን» ብሏት ነበር። ስለዚህ ዛሬ ወይ ትቆያለች ወይ ትነሳለች። ዘጠኝ ሰው ተቀምጦ የእሷ ኮምፒውተር ገጽ ግድግዳው ላይ በትልቁ ይታያል። የሠራተኞቹን ዝርዝር አዘዘች፤ ከመቅጽበት መጣ። የዕቅዱን ሠንጠረዥ አዘዘች፤ መጣ።

«ኧረ እትዬ፣ ዛሬ ምን በልተው መጡ!» አለ የመዝገብ ቤቱ ሹም። ደስ አላት፣ ልቧ ሞላ።

«ባለፈው የጸደቀውን ቃለ ጉባኤ ያሳዩን» አለ ኃላፊው።

«አምጣ የመጨረሻ» ብላ ጻፈች።

ግድግዳው ላይ የወጣው ከቃለ ጉባኤው አስቀድማ ጠዋት የከፈተችው የራሷ ደብዳቤ ነው፤ ዛሬ ካልተሳካልኝ ከምባረር ራሴ እሰጣለሁ ብላ ያዘጋጀችው። እሱንም በልማዷ «የመጨረሻ» ብላዋለች። «ቀኝ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለመልቀቅ አመለክታለሁ» ይላል።

ዘጠኙም አነበቡ። እትዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«መቼ ሊሰጡኝ ነበር?» አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እጄ ሥራ ያበላሸ ቀን።»

«እና ዛሬ አበላሸ?»

ጥቁሩን ሰሌዳ ደግማ አየችው። አንድም ፊደል አልተሳሳተም።

«አይ፣ እጄማ ያልኩትን ነው የጻፈው። የተሳሳተው ጭንቅላቴ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና መንቀጥቀጥ አልጀመረም።»

አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሌሎቹም። ኃላፊው አልሳቀም። «ያን ሁሉ ስቆጣዎት ለምን አልነገሩኝም?»

«ጡረታ ይሉኛላ!»

«እውነትዎን ነው» አለ። «ትናንት ቢነግሩኝ ጡረታ ነበር የምልዎት።» ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ ደብዳቤውን እንደገና አነበበ። «አሁን ይዝጉትና ቃለ ጉባኤውን ያምጡልን።»

እትዬ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ «ዝጋ» ብላ ጻፈች፤ ደብዳቤው ከግድግዳው ላይ ጠፋ። እስከ መጨረሻው፣ እስከ ሰባተኛው አጀንዳ ድረስም እሷው ጻፈች።